የተቃጠለ አየር መለኪያ ገዝቼ ሦስት ወር ተጠቀምኩበት

መጀመሪያ ቀን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያው ስክሪን ላይ የወጣው ቁጥር 331 ነበር። ግቢያችን ውስጥ፣ ሜዳ ላይ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ዕቃው እንደተሳሳተ ወዲያው ገባኝ። ዛሬ ምድር ላይ 331 የሚባል የውጭ አየር የለም። እሱ የ1975 አየር ነው፤ የተቃጠለ አየሩ መጠን ያን ያህል የነበረው ያኔ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ስህተቱን ለማስተካከል ሁለት ደቂቃ በቂ ነበር፣ እመለስበታለሁ። ግን ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ የተሳሳተ ቁጥር ነው። አንድ ቁጥር አይቶ "ይሄማ የ1975 አየር ነው" ማለት መቻል ትልቅ ነገር ነው። አየር ዕድሜው ይታወቃል ማለት ነው። ዕቃውን ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ሁለቱንም ልንገራችሁ፦ ዕቃው እንዴት እንደሆነ፣ ቁጥሩም ምን እንደሚል። ቁጥሩን ሳያውቁት ዕቃውን መግዛት ብር ማባከን ነው ብዬ ስለማምን።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ እዚሁ አዲስ አበባ። ዕቃው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ነው፤ ያው ትምህርት ቤት "የተቃጠለ አየር" እያልን የተማርነው ጋዝ። መዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ይሠራል፣ በየደቂቃው ይለካል፣ ስልክ ላይ የሚጫን አፕ አለው። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ ነው ይዛልኝ የመጣችው። 180 ዶላር ተከፍሎበታል። ለአስተማሪ ብዙ ነው። ብራንዱን የማልጠራው የምለው ነገር ለአንድ ስም ብቻ ስላልሆነ ነው። ውስጡ ያለው ሴንሰር በብዙ ስም ይሸጣል፤ ጥሩነቱም ችግሩም የጋራ ነው።

ከሱ በፊት ግን አንድ ርካሽ ገዝቼ ተበልቻለሁ። ሳጥኑ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ይላል፣ ውስጡ ያለው ግን ሽታ የሚያሸት ሴንሰር ነው። ሽታውን ይዞ ቁጥሩን ይገምታል። ባለቤቴ ዕጣን ስታጤስ 3,000 ይላል፣ ሽቶ ስትቀባ 2,000፣ ሃምሳ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሲተነፍስ ግን ንቅንቅ አይልም። መፈተኛው ቀላል ነው። ጥጥ አረቄ ውስጥ ነክራችሁ አጠገቡ አድርጉ። ቁጥሩ ከዘለለ አትግዙት። እውነተኛው መለኪያ ለአረቄ ሽታ ደንታ የለውም።

እውነተኛው የሚሠራው በብርሃን ነው። ውስጡ ትንሽ ቱቦ አለች። በአንድ ጫፏ ኢንፍራሬድ ጨረር ይለቀቃል፣ ዓይን የማያየው፣ ምድጃ አጠገብ ስትቀመጡ ፊታችሁን የሚያሞቀው ዓይነት። በሌላው ጫፍ ተቀባይ አለ። መሃል ላይ ያለው የተቃጠለ አየር በበዛ ቁጥር ወደ ተቀባዩ የሚደርሰው ጨረር ያንሳል። ናይትሮጂንና ኦክስጂን ያሳልፉታል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ይውጠዋል። በቃ ይኸው ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው አንዷ "ቲቸር፣ ታዲያ ሰማይ ላይ የሚሆነውም ይሄው አይደል?" አለችኝ። ነው! ምድር ወደ ህዋ የምትለቀውን ሙቀት ይኸው ጋዝ መንገድ ላይ ይይዘዋል። ቱቦዋ ውስጥ የሚሆነው ነገር አየሩን አክሎ ሲሆን ነው ግሪንሃውስ የምንለው።

ይህ አዲስ ግኝትም አይደለም። ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት በ1856 የመስታወት ሲሊንደሮችን በተለያየ ጋዝ ሞልታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠች። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሁሉም በላይ ሞቀ፣ ለመቀዝቀዝም ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ምድር በዚህ ጋዝ የተሞላ አየር ቢኖራት የበለጠ ትሞቅ ነበር ብላ ያኔውኑ ጻፈች። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ቲንዳል ለንደን ውስጥ ጨረሩን የሚውጡት ጋዞች የትኞቹ እንደሆኑ በመሣሪያ ለካ። የእኔ መለኪያ የዚያ መሣሪያ የልጅ ልጅ ነው። በ1896 ደግሞ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ወራት ፈጅቶ በእጁ አሰላ። እና ምን እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ? የእኛን ዘመን አልነበረም የሚያስበው። የበረዶ ዘመን ለምን እንደመጣና ለምን እንደሄደ ነበር ጥያቄው። ካርቦንና ያለፈው የምድር ሙቀት አብረው በቁጥር መሰላት የጀመሩት ያኔ ነው።

አሁን ወደ 331 ልመለስ። ይህ ለአዲስ አበባና ለደጋ ሰው በተለይ የሚጠቅም ነገር ነው። ሴንሰሩ የሚቆጥረው ቱቦዋ ውስጥ ያሉትን የጋዝ ቅንጣቶች ነው። እኛ 2,300 ሜትር ላይ ነን። እዚህ የአየር ግፊቱ የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ቱቦዋ ውስጥ የሚገባው ቅንጣት ያንሳል፣ ዕቃውም የተሠራው ባሕር ዳርቻ ላይ ነኝ ብሎ እንዲያስብ ስለሆነ ሩብ ያህል አሳንሶ ያነባል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ከፍታውን ከ0 ወደ 2,300 ቀየርኩት። ትንሽ ጠብቄ ሳየው 428። ትክክለኛው እሱ ነው። በእጃችሁ ያለ ዕቃ የከፍታ ማስተካከያ ከሌለው አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው አይሆንም፤ ለአዋሽና ለድሬዳዋ ሰው ጉዳቱ ያንሳል።

428 ማለት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 428ቱ የተቃጠለ አየር ናቸው ማለት ነው። ፒፒኤም የሚሉት ይህን ነው። "እና ይሄ ብዙ ነው ትንሽ?" አለችኝ ባለቤቴ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይበራል፣ ለሳሎን አየር ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ለምድር ግን ስክሪኑ መልስ የለውም። መልሱን በረዶ ውስጥ ነው የምናገኘው።

የዛሬውን ቁጥር በጥንቃቄ መቁጠር የጀመረው ቻርለስ ዴቪድ ኪሊንግ ነው። በ1958 ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ፣ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከፋብሪካም ከመኪናም ርቆ መለኪያውን ተከለ። መጀመሪያ ያገኘው 313 ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ሳይጨምር የቀረበት ጊዜ የለም። በ2024 የዓመቱ አማካይ 424.6 ደረሰ። ከ1958 በፊት የነበረውን ግን ማን ለካው? አያቶቻችን ሲያርሱ፣ አድዋ ላይ ሲዘምቱ የተነፈሱትን አየር ማን አስቀመጠው?

አንታርክቲካ አስቀመጠችው። ይህን ነገር ስንት ጊዜ አስተምሬው እስካሁን ይደንቀኛል። እዚያ በረዶ ይወርዳል፣ አይቀልጥም። በላዩ የሚቀጥለው ዓመት ይወርዳል። እንዲህ እየተደራረበ ሲሄድ ከላይ ያለው የታችኛውን ይጫነዋል፣ በረዶው እየጠጠረ ይሄድና ከአንድ መቶ ሜትር ገደማ በታች መሃሉ ያለው አየር መውጫ አጥቶ በትንንሽ አረፋ ተዘግቶ ይቀራል። ያ አረፋ የዘመኑ አየር ራሱ ነው። ግምት አይደለም፣ ስሌት አይደለም። አየሩ ራሱ! ፈረንሳዊው ክሎድ ሎሪዩስ ሐሳቡ የመጣለት በ1965 አንታርክቲካ ውስጥ ነው። ቆፍረው ካወጡት ጥንታዊ በረዶ ቁራሽ መጠጥ ብርጭቆ ውስጥ ከተቱ፤ በረዶው ሲቀልጥ አረፋዎቹ ሲፈነዱ አየና በውስጣቸው የጥንት አየር እንዳለ ገባው። 

ከዚያ ሶቭየቶች ቮስቶክ ላይ ቆፈሩ። ቮስቶክ በ1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ የተመዘገበበት ቦታ ነው፤ ምድር ላይ ባለ ጣቢያ ከዚያ የባሰ ብርድ ተለክቶ አያውቅም። እዚያ ውስጥ ሰው ከ3,600 ሜትር በላይ ሰርስሮ የበረዶ ምሰሶ አወጣ። በ1999 የ420,000 ዓመት ታሪክ ታተመ። አውሮፓውያን ደግሞ ዶም ሲ በሚባል ቦታ ላይ ቆፍረው 800,000 ዓመት ደረሱ። በጥር 2025 እዚያው አካባቢ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ በረዶ እንዳወጡ አሳወቁ፤ 2,800 ሜትር ወርደው ዓለቱን ነክተዋል።

ሙቀቱንስ ከየት አወቁት? ከዚያው በረዶ። ውሃ ውስጥ ከተለመደው የከበደ ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ያለበት ጥቂት ቅንጣት አለ። ብርድ ሲጠና ከባዱ ውሃ መንገድ ላይ ቀድሞ ይወርዳል፣ አንታርክቲካ የሚደርሰው በረዶ ቀለል ያለው ይሆናል። ስለዚህ የከባዱን መጠን ስትቆጥር የዚያን ዘመን ቴምፕሬቸር ታገኛለህ። አንድ የበረዶ ቁራሽ ሁለት ምስክር ይሰጣል ማለት ነው፦ አረፋው ስለ ካርቦኑ፣ በረዶው ስለ ሙቀቱ።

ይህን ለተማሪዎቼ በቃል መንገር ሰለቸኝና ግድግዳ ላይ ሠራነው። 8 ሜትር ወረቀት ቀጣጥለን ዘረጋን። አንድ ሴንቲሜትር 1,000 ዓመት፣ ወደ ላይ ደግሞ አንድ ሚሊሜትር አንድ ፒፒኤም። ለሁለት ቀን ልጆቹ ተንበርክከው፣ ወንበር ላይ ቆመው ነጥብ አደረጉ። ሰማያዊው መስመር ካርቦኑ፣ ቀዩ የአንታርክቲካ ሙቀት። ሰማያዊው ይወጣል ይወርዳል፤ ዝቅ ሲል 172 ድረስ፣ ከፍ ሲል 300 ገደማ። በስምንት ሜትር ውስጥ አንድም ቀን ከዚያ አላለፈም። ቀዩም አብሮት ይወጣል፣ አብሮት ይወርዳል። ሁለት መንታ አብረው ሲራመዱ ነው የሚመስለው። በመጨረሻ መለኪያውን ይዘን ሜዳ ወጣን፣ 428 አነበብን፣ ተመልሰን ነጥቡን አደረግን። ወረቀቱ አልበቃም። ከላይ ሌላ መቀጠል ነበረብን። እስከዛሬ ከነበረው ጣሪያ አሥራ ሦስት ሴንቲሜትር ገደማ በላይ ሆነ፤ ወደ ጎን የወሰደው ቦታ ደግሞ ከሁለት ሚሊሜትር በታች ነው፣ የእስክሪብቶ ጫፍ ያህል። ክፍሉ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ ብዙ የማያወራ፣ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ እዚህ ጋ ሙቀቱ ቀድሞ ነው የጨመረው። ካርቦኑ ተከትሎ ነው የመጣው። ታዲያ ካርቦኑ እንዴት ነው አሞቀ የምንለው?"

ልጁ ትክክል ነው፣ ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ብዙ ሰው ይህን ይዞ "አያችሁ፣ ካርቦን ምንም አያደርግም" ይላል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ፔሬድ ሰጠሁት።

መጀመሪያ አምቦ ውሃ አመጣን። አንዱ ከፍሪጅ የወጣ፣ አንዱ ፀሐይ ላይ የዋለ። ከእያንዳንዱ አንድ የቡና ስኒ እየቀዳን፣ ከመለኪያው ጋር ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አስገብተን ዘጋን፣ በየተራ። የሞቀው ቶሎ ጋዙን ለቀቀ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቁጥሩ 5,000 ደርሶ ቆመ፣ መለኪያው ከዚያ በላይ አያነብም። የቀዘቀዘው በዚያው ጊዜ ገና ግማሹ ላይ ነበር። ባሕርም እንዲሁ ነው። ቀዝቃዛ ባሕር ካርቦን ይይዛል፣ ሲሞቅ ይለቃል። ይህ ብቻ አይደለም፣ የባሕር ውሃ ዝውውርና በውስጡ ያሉ ሕያዋንም ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ሙቀት ካርቦንን እንዴት ሊያስወጣ እንደሚችል ባልዲው በዓይን አሳይቷል።

ቀጥሎ ክብሪትና ከሰል። ከሰል በራሱ አይቀጣጠልም፣ ክብሪት ይፈልጋል። ክብሪቱ ግን ቡና አያፈላም። ያለፉት የበረዶ ዘመናት ክብሪት የምድር ምህዋር ነው። ምድር ፀሐይን ስትዞር መንገዷም ዘንበል ማለቷም በ23,000፣ በ41,000 እና በ100,000 ዓመት ገደማ ዑደት ይቀያየራል። ያ በሰሜን በኩል የሞቃቱን ወቅት ፀሐይ ትንሽ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ትንሽ ነው፣ ለብቻው ምድርን ከበረዶ ዘመን አያወጣም። ግን በረዶ ማቅለጥ ይጀምራል፣ የባሕሩ ውሃ ዝውውር ይቀየራል፣ ደቡቡ ይሞቃል፣ ባሕሩ ካርቦን ይለቃል። ካርቦኑ ደግሞ በተራው መላውን ምድር ያሞቃል፣ ያ ሙቀት ተጨማሪ ካርቦን ያስወጣል። አንዱ ፍም ሌላውን እንደሚያቀጣጥለው። ስለዚህ "ማን ቀደመ" ሲባል፣ ቀድሞ የመጣው ክብሪቱ ነው፤ ጀበናውን ያፈላው ከሰሉ ነው።

ደግሞ የመቅደሙ ነገር ራሱ የሚመስለውን ያህል አይደለም። አረፋው የሚዘጋው መቶ ሜትር ወርዶ ነው ብያለሁ፤ ያ በረዶ ያኔ በሺዎች የሚቆጠር ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ አየሩ ከከበበው በረዶ ያነሰ ዕድሜ አለው፣ ስንት እንደሚያንስ ማስላት ደግሞ ከባድ ነው። በ2003 ከ240,000 ዓመት በፊት የነበረውን ሙቀት ያጠኑ ሰዎች ካርቦኑ 800 ዓመት ያህል ዘግይቷል አሉ። በ2013 የመጨረሻውን የበረዶ ዘመን ማብቂያ በተሻለ ዘዴ ያጠኑት ግን ሁለቱ ማለት ይቻላል አብረው ነው የጨመሩት አሉ። እና አንታርክቲካ ዓለም ማለት አይደለችም። በ2012 ከመላው ዓለም 80 መዝገብ አንድ ላይ አድርገው ሲያዩ የምድር አማካይ ሙቀት ካርቦኑን ተከትሎ ነው የጨመረው። ልጁ ይህን ሲሰማ "እሺ፣ ታዲያ አሁን ክብሪቱ ማን ነው?" አለኝ። አሁን ክብሪት አያስፈልግም። ባሕሩ እስኪለቅ አልጠበቅንም፤ ከሰሉን፣ ነዳጁን፣ ጋዙን ራሳችን ከመሬት አውጥተን አነደድነው።

ካርቦን ብቻውን ሁሉን ሠርቷል ማለቴ አይደለም። ሰፊ የበረዶ ንጣፍ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ይወረውራል፣ ሜቴንም አለ፣ አቧራም አለ። ያለ ካርቦኑ ግን ሒሳቡ አይሞላም። ከ20,000 ዓመት በፊት ምድር ከዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ከነበረችው በ6 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘች ነበረች። ስድስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፣ እኛ ጠዋትና ከሰዓት መካከል እናየዋለን። ግን የምድር አማካይ ሲሆን ካናዳ በሙሉ ማለት ይቻላል በበረዶ ይሸፈናል። እኛም ጋ በዚያ የበረዶ ዘመን ባሌ ሳነቴ ላይ ግግር በረዶ ነበር። ሳነቴ ላይ! 

አንድ ስሌት ደግሞ ልጨምር፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን በጣም የነካኝ እሱ ነው። ካርቦን የሚያሞቀው እንደ ጋቢ ነው፤ ሁለተኛው ጋቢ የመጀመሪያውን ያህል አያሞቅም። ስለዚህ ስንት ተጨመረ ብቻ ሳይሆን ስንት እጥፍ ሆነ የሚለው ነው የሚቆጠረው። ከበረዶ ዘመን 185 ገደማ ተነስቶ ፋብሪካ ከመምጣቱ በፊት 280 ሲደርስ አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ። ከ280 እስከ ዛሬው 428 ስታካፍሉት? አንድ ተኩል እጥፍ። ያው ርምጃ! ያኔ ካርቦኑ በአማካይ በመቶ ዓመት አንድ ፒፒኤም እየጨመረ በሺዎች ዓመታት የሄደውን መንገድ፣ እኛ በዓመት ከሁለት በላይ እየጨመርን በ200 ዓመት ውስጥ ሄድነው። ሙቀቱ ገና አልደረሰበትም፤ 2024 ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው አማካይ በ1.55 ዲግሪ ገደማ ሞቆ ነው የተመዘገበው። ባሕሩ ሰፊ ነው፣ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል።

ታዲያ እንደ ዛሬው ያለ አየር መጨረሻ ላይ መቼ ነበር? ሳይቋረጥ የተደራረበው የበረዶ መዝገብ እዚያ አይደርስም፣ በባሕር ወለል ላይ ከተከማቹ ጥቃቅን ቅርፊቶች ነው የሚታወቀው። መልሱ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያኔ ካርቦኑ ከ360 እስከ 420 ባለው መሃል ነበር፣ ምድር ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረችው ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ ትሞቅ ነበር፣ ባሕሩ ከዛሬው ቢያንስ አምስት ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ሦስት ሚሊዮን ሲባል የሚያስታውሳችሁ ነገር የለም? ድንቅነሽ! 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ሐዳር ላይ፣ አፋር ውስጥ፣ ዛሬ በረሃ የሆነው ቦታ ወንዝና ዛፍ በነበረበት ጊዜ፣ እሷ ስትተነፍሰው የነበረው አየር በተቃጠለ አየር መጠኑ የእኛን ያህል ነበር። ከእሷ እስከ እኛ መሃል የኖረ ሰው ሁሉ ከዚህ ያነሰ ነው የተነፈሰው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዳንዶቹ ቀና ብለው አየሩን ሲያዩት ነበር።

"ከዚያ በፊትስ ከዚህም የበለጠ ነበር ይባላል" የሚል ጥያቄም ይመጣል። አዎ፣ ነበር። ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከ1,000 በላይ ነበር፣ ዋልታዎቹም በረዶ አልነበራቸውም። ካርቦኑ እየቀነሰ ሲመጣ ከ34 ሚሊዮን ዓመት በፊት አንታርክቲካ በበረዶ ተሸፈነች። በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ወደ ኋላ ስትሄዱ ደግሞ ፀሐይ ራሷ ከዛሬው ደከም ያለች ነበረች፣ እንዲሁ በቁጥር ብቻ ማወዳደር አይቻልም። ያኔ ግን ገበሬም ከተማም አልነበረም።

እንግዲህ ዕቃው። ጥሩነቱ ብዙ ነው። ክፍላችን ውስጥ 55 ተማሪ አለ፤ መስኮት ተዘግቶ ሦስተኛው ፔሬድ ላይ 2,900 ያነባል። ልጆቹ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላቸው በስንፍና ብቻ እንዳልሆነ አሳየን። አሁን ቁጥሩ 1,500 ሲያልፍ መስኮት የሚከፍት ተረኛ አለ። ታክሲ ውስጥም ይዤው ገባሁ። መስኮቱ ሁሉ ዝግ፣ 3,400። አንዲት እናት "ልጄ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል" አሉኝ፣ ቁጥሩን አሳየኋቸው፣ "እሱስ ልክ ነህ" ብለው ትንሽ አስከፈቱ። ባትሪውም ሦስት ወር ሙሉ አልቀነሰም ማለት ይቻላል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ራሱን በራሱ ያስተካክላል፣ ያለፈው ሳምንት ዝቅተኛ ቁጥር የውጭ አየር ነው፣ 400 ነው ብሎ ያስባል። በክረምቱ ሳምንት ሙሉ ዝግ መኝታ ቤት ውስጥ ትቼው ውጭ ሳወጣው 350 አለኝ። ስለዚህ በሳምንት ቢያንስ አንዴ ሜዳ ላይ አሳድሩት፣ ወይ ያንን ሴቲንግ አጥፉት። ኪሊንግ ማጣቀሻ ጋዙን፣ መጠኑ ቀድሞ የታወቀውንና መለኪያውን የሚያስተካክልበትን ጋዝ፣ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ የነበረው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። መነሻው ከተሳሳተ የሚከተለው ሁሉ ይሳሳታል። ሁለተኛው፣ ስህተቱ እስከ 50 ፒፒኤም ይደርሳል። የዓለም አየር በዓመት የሚጨምረው ሁለት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕቃ የምድርን ለውጥ እከታተላለሁ ካላችሁ አትችሉም፣ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ብቻ ሄዳችሁ 470 ልታዩ ትችላላችሁ። የሚለካው ሳሎናችሁን ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። ይህ ዕቃ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያይም። ዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ የሚገድለው በሞኖክሳይዱ ነው፣ የሱ መለኪያ ሌላ ነው። ስክሪኑ አረንጓዴ ነው ብላችሁ ከሰል አጠገብ እንዳትተኙ። ቡና ከተፈላ በኋላ ፍሙን አውጡት፣ መስኮቱን ክፈቱት።

ለማን ይሆናል? ለትምህርት ቤት በደንብ ይሆናል። አሥር አስተማሪ ተዋጥቶ አንድ ቢገዛ ዓመታት ያገለግላል። ለቤት ብቻ ከሆነ 180 ዶላር አልመክርም፤ መስኮት መክፈት በነፃ ነው። እኔ ግን አልጸጸትም። ለስምንቱ ሜትር ወረቀት ብቻ ብገዛው እንኳ ይበቃኝ ነበር፣ እስካሁን ግድግዳው ላይ ነው፣ የሌላ ክፍል ልጆች እየመጡ ያዩታል።

አሁን መለኪያው እጄ ላይ የለም። የጂኦግራፊ አስተማሪ ባልደረባዬ ለዕረፍት ወደ ባሌ እየሄደ ነው፣ ሳነቴ ላይ፣ ግግር በረዶው የነበረበት ቦታ ቆሞ አንድ ንባብ እንዲያመጣልን ልጆቹ ለመኑት። ቁጥሩን ከማመኑ በፊት ከፍታውን 4,000 ላይ እንዲያደርግ ነግሬዋለሁ። በወረቀቱ ጫፍ ላይ ለነጥቡ ቦታ ትተንለታል።